ፍም የሚዋዋሱ ፋብሪካዎች፦ አምስት ቀን በካሉንቦርግ

ሰኞ፣ ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ከዴንማርክ መዲና ከኮፐንሃገን ዋና ጣቢያ የተነሣሁት ከቀትር በኋላ ነው። ባቡሩ ሮስኪልዴንና ሆልቤክን እያለፈ ወደ ምዕራብ ይዘልቃል፤ መንገዱ ሁለት ሰዓት እንኳ አይሞላም። ግራና ቀኙ የታረሰ ጥቁር መሬት፣ አልፎ አልፎ የነፋስ ተርባይን፣ ከዚያ ደግሞ የታረሰ መሬት። ሐዲዱ የሚያበቃው ካሉንቦርግ ላይ ነው። ከዚያ ወዲያ ባሕር ነው።

ያሳደሩኝ የኮፐንሃገን ወዳጆቼ በላስቲክ የቋጠሩልኝን ዳቦ ቆሎ እየቆረጠምሁ ለምን ወደዚህች ትንሽ ከተማ እንደምሄድ ለራሴ አስረዳሁ። ተወልጄ ያደግሁት ወንጂ ነው። አባቴ በስኳር ፋብሪካው የማሞቂያ ክፍል ሠራተኛ ነበር። ሸንኮራው ተጨምቆ የሚቀረው ገለባ፣ ባጋስ የምንለው፣ ተመልሶ እሳት ውስጥ ይገባል፤ እሳቱ እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎቱ ቀጣዩን ሸንኮራ ይጨምቃል። ከስኳሩ የተረፈው ሞላሰስም ለከብትና ለአልኮል ይሄዳል። እናቴም ላሟን የምትቀልባት ከዱቄት ወፍጮ በሚመጣ ፍሩሽካ፣ ከዘይት መጭመቂያ በሚመጣ ፋጉሎና ጠላ ከምትጠምቀው ጎረቤታችን በምታገኘው አተላ ነበር። ይህን ሁሉ ሰርኩላር ኢኮኖሚ፣ ማለትም የአንዱ ተረፈ ምርት ለሌላው ግብዓት የሚሆንበት አሠራር፣ ብሎ የጠራው ሰው አልነበረም። ኑሮ ነበር።

ትምህርቴን ጨርሼ በየፋብሪካው ስዞር ግን ያን ዓይነት ጉርብትና አጣሁት። ስለዚህ ፋብሪካዎች እንደ እናቴና እንደ ጠላ ጠማቂዋ ወደሚኖሩባት ከተማ መጣሁ።

(ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች፣ ካላልሁ በስተቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12

ጠዋት ነፋሱ ከባሕሩ እየመጣ ጃኬት ይሰረስር ነበር። የጎብኚዎች ቡድናችን አሥር ያህል ሰው ነው፤ ከሁለት ተማሪዎች በስተቀር ሁላችንም የፋብሪካ ሰዎች ነን። አስጎብኚያችን ከሁሉ አስቀድማ የሰጠችን አንድ ወረቀት ነው። በወረቀቱ ላይ የከተማይቱ ካርታ አለ፤ በካርታው ላይ ፋብሪካዎቹ፤ በፋብሪካዎቹ መካከል ደግሞ ቀይ፣ ሰማያዊና አረንጓዴ መስመሮች። ቀዩ ሙቀት ነው፣ ሰማያዊው ውሃ፣ አረንጓዴው ቁስ። መስመሮቹ ከ20 በላይ ናቸው። ሲያዩት የሸረሪት ድር ይመስላል።

ከዚያ ወደ ቧንቧዎቹ ወሰደችን።

ስለ እነዚህ ቧንቧዎች ለዓመታት አንብቤአለሁ፤ አጠገባቸው መቆም ግን ሌላ ነው። የእንፋሎቱ ቧንቧ በብረት እግሮች ላይ ተጭኖ ከኃይል ማመንጫው ይነሣና ሜዳውን ያቋርጣል። ውጪው ብርማ ቆርቆሮ ለብሷል፤ ከቆርቆሮው ሥር ሙቀት የሚያግድ ወፍራም ልባስ አለ። መንገድ ሲያጋጥመው ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይወጣል፣ ከመኪኖቹ በላይ ይሻገራል፣ ተመልሶ ይወርዳል። መንገድ በሌለበት ሜዳ ላይም በየተወሰነ ርቀት እንዲሁ እየታጠፈ እንደ በር ጉበን ይሠራል። አንደኛው ተማሪ ይህ ሁሉ ማጠፍ ለምን እንዳስፈለገ ጠየቀ። ብረት ሲግል ይረዝማል፤ ቀጥ ያለ ቧንቧ ቢሆን መዘርጊያ ስለሚያጣ ራሱን ይሰብራል። እጥፋቱ ቧንቧው የሚተነፍስበት ነው። መዳፌን ወደ አንደኛው የብረት እግር አስጠጋሁ፤ ቀዝቃዛ ነው። በውስጡ የሚፈላው እንፋሎት ለውጪው ሰው አይታወቅም። ሙቀት ሳይባክን መሄድ ማለት ይህ ነው።

የታሪኩ ዋና ባለቤት አስኔስ የሚባለው የኃይል ማመንጫ ነው። ሥራ የጀመረው በ1959 ሲሆን ለብዙ ዐሥርት ዓመታት በድንጋይ ከሰል ሲሠራ ኖሯል። እንዲህ ዓይነቱ ማመንጫ መብራት ብቻ ካመረተ ከሚያቃጥለው ከሰል ጉልበት ከግማሽ በላይ የሚሆነው ወደ ባሕርና ወደ ሰማይ ይሄዳል። በ1981 ከዚሁ ሙቀት የከተማይቱ ቤቶች መሞቅ ጀመሩ፤ ቤት ለቤት የነበረው የዘይት ማሞቂያ እየቀረ ሄደ። በዓመቱ እንፋሎቱ በከተማይቱ ወዳለው የነዳጅ ማጣሪያና ወደ መድኃኒት አምራቹ ኖቮ ኖርዲስክ ተዘረጋ። ከሰሉ ሲቃጠል የሚቀረው አመድም ከ1979 ጀምሮ ለሲሚንቶ ፋብሪካ ይሸጥ ነበር።

ለእኔ ከሁሉ የበለጠ የሚያስደንቀኝ ግን የጂፕሰሙ ነገር ነው። ከከሰል ጭስ ውስጥ የሚወጣው ድኝ አየሩንም ዝናቡንም ይመርዛል። ጭሱን በኖራ ድንጋይና በውሃ ሲያጥቡት ድኙ ከኖራው ጋር ይዋሐድና ጂፕሰም ይሆናል፤ እኛ አገር ኮርኒስ የሚሠራበት ያው ነጭ ነገር። አጠገባቸው ደግሞ ጂፕሮክ የሚባል የግድግዳ ሰሌዳ ፋብሪካ አለ፤ ጂፕሰሙን ከስፔን በመርከብ ያስመጣ ነበር። ከ1993 ጀምሮ የጎረቤቱን ጭስ እጣቢ መግዛት ጀመረ። ይኸው ፋብሪካ ሰሌዳውን የሚያደርቅበትንም ጋዝ ከ1972 አንሥቶ ያገኝ የነበረው ከማጣሪያው ነው፤ ማጣሪያው እንዲሁ በጭስ ማውጫው ጫፍ ላይ ያነደው የነበረውን ጋዝ። አስጎብኚያችን አንድ ቁራጭ ሰሌዳ በእጃችን አስያዘችን። ጠርዙን በጥፍሬ ፋቅሁት፤ ዱቄቱ እንደ ጤፍ ዱቄት ላመ፣ ጣቴ ላይ ቀረ። ሳይታሰብ የመተንፈሻ መርዝ ሊሆን ይችል የነበረ ነገር የሰው ቤት ግድግዳ ሆኖ ቆሟል።

ይህ የጂፕሰም መስመር ዛሬ ያን ጊዜ እንደነበረው አይደለም። አስኔስ በ2020 ገደማ ከሰሉን ትቶ ወደ እንጨት ፍርፋሪ ዞረ፤ እንጨት ድኝ የለውም ማለት ይቻላል፣ ድኝ ከሌለም ጂፕሰም የለም። አንዱ በጎ ሥራ ሲሠራ ሌላው ጥሬ ዕቃውን አጣ። ይህን ሳትደብቅ ስለነገረችን አስጎብኚያችንን አመሰገንኋት። በብዙ ስብሰባዎች ላይ የካሉንቦርግ ሥዕል ሲታይ አይቻለሁ፤ መስመሮቹ ሁልጊዜ እንደ ተሣሉ የሚኖሩ አድርገው ነው የሚያሳዩት። ጉርብትና ግን ይለዋወጣል። አንዱ ይለቃል፣ ሌላው ይገባል።

ከሰዓት በኋላ የኖቮ ኖርዲስክን አጥር ታክከን ሄድን። ድርጅቱ እዚህ የገባው በ1969 ነው። በዓለም ከሚመረተው ኢንሱሊን እጅግ ሰፊው ድርሻ የሚወጣው 17 ሺህ ገደማ ሰው ከሚኖርባት ከዚህች ከተማ ነው። በ2023 መጨረሻ ለዚሁ ስፍራ ማስፋፊያ ከ42 ቢሊዮን የዴንማርክ ክሮነር በላይ መመደቡ ተነግሯል፤ ከአጥሩ በላይ የማየው የግንባታ ክሬን ደን ይመስላል። ኢንሱሊኑን የሚሠራው እርሾ ነው። እርሾው ሥራውን ጨርሶ በሙቀት ከተገደለ በኋላ ለዓመታት ለአሳማ አርቢዎች ይሄድ ነበር። አተላ ማለት ነው፤ የእናቴ ላም አተላ።

እናቴ አሁን አዳማ ናት፤ ስኳር በሽታ ካደረባት 12 ዓመቷ ነው። መብራት ሲጠፋ የኢንሱሊኗን ብልቃጥ በእርጥብ አሸዋ መካከል በተቀመጠ የሸክላ ገንቦ ውስጥ ታኖረዋለች። ብልቃጡ ላይ የዴንማርክ ስም እንዳለ አውቃለሁ፤ ፋርማሲ የማመላልሰው እኔ ነኝ። አጥሩ ሥር ቆሜ፣ በራሴ ላይ የሚያልፈው ይህ ብርማ ቧንቧ ያፈላው ነገር ወደዚያች ገንቦ እንደሚደርስ ሳስብ ለጥቂት ጊዜ ከቡድኑ ወደኋላ ቀረሁ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 13

ዝናብ። ከቡድኑ ተለይቼ በአውቶቡስና በእግር ወደ ቲሶ ሐይቅ ሄድሁ፤ ከከተማይቱ በደቡብ ምሥራቅ ያለ፣ ሸምበቆ የከበበው ጸጥ ያለ ውሃ ነው። የሁሉ ነገር መነሻ እዚህ ነው። የነዳጅ ማጣሪያው በ1961 ሲቋቋም ብዙ ውሃ ፈለገ፤ የከተማይቱ የከርሰ ምድር ውሃ ደግሞ ለሰው ይበቃል አይበቃም የሚባል ነበር። ስለዚህ ከዚህ ሐይቅ እስከ ማጣሪያው ቧንቧ ተዘረጋ። በ1973 አስኔስ በዚያው መስመር ላይ ተጨመረ፤ በ1987 ማጣሪያው ያቀዘቀዘበትን ሞቅ ያለ ውሃ ለአስኔስ ማሞቂያ መስጠት ጀመረ። አንዱ ውሃ ሁለት ጊዜ ሠራ ማለት ነው። ዛሬ የከተማይቱ ድርጅቶች በዓመት የሚያድኑት የከርሰ ምድር ውሃ ከ3 ሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ነው።

ሐይቁ ዳር ቆሜ ያሰብሁት አንድ ነገር ነው፦ አካባቢን እናድን ብሎ የተነሣ ሰው አልነበረም። ውሃ አጠረ፣ መላ ተፈለገ። ይህ ነገሩን አያሳንሰውም። እንዲያውም ያጽናናኛል፤ እኛም የሚያጥረን ብዙ ነውና።

ስመለስ የባዮጋዙን ተቋም ከውጭ አየሁት። ሥራ የጀመረው በ2018 ነው፤ የመድኃኒትና የኢንዛይም ፋብሪካዎቹን ዝቃጭ እያብላላ ጋዝ ያወጣል፣ ጋዙ ተጣርቶ ወደ አገሩ የጋዝ መስመር ይገባል፣ የቀረው ወደ እርሻ ይመለሳል። ዝቃጩን ለገበሬ መስጠት የተጀመረው በ1976 ስለሆነ ገበሬው ለነገሩ እንግዳ አይደለም።

የተቋሙ ሠራተኛ አጥሩ በር ላይ አግኝቶኝ ጥቂት አወራን። ምን ምን እንደምትቀበሉ ንገረኝ ስለው የዘረዘረልኝ ዝርዝር አጭር ነው፤ የእያንዳንዱን እርጥበት፣ የናይትሮጅኑን መጠን፣ በቀን ስንት መኪና እንደሚመጣ ያውቃል። ዛሬ የመጣው ከትናንቱ ጋር አንድ ነው። ምሥጢሩ ይህ ይመስለኛል። ተረፈ ምርት ዋጋ የሚኖረው ሳይደባለቅ፣ ሳይቋረጥ፣ ምንነቱ ታውቆ ሲመጣ ነው። እንጨትና ባትሪ፣ ምግብና መርፌ በአንድ መኪና ተጭኖ አንድ ጉድጓድ ውስጥ ሲደፋ ግን ባለቤትም ገዢም ያጣል። በመጋቢት 2009 ዓ.ም. ቆሼ ተንዶ ከ100 በላይ ሰው ሲቀበር አዲስ አበባ ነበርሁ። ከእነዚያ ሰዎች ብዙዎቹ ከደባለቅነው ውስጥ በእጃቸው እየለዩ ይኖሩ የነበሩ ናቸው። ፋብሪካዎቹና እኛ ከምንጩ ልንሠራው የሚገባንን ሥራ እነሱ መጨረሻው ላይ፣ ክምሩ ሥር ሆነው ይሠሩልን ነበር። ይህን ሳስብ ዛሬም ደረቴ ይጨንቀኛል።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14

ዛሬ ያገኘኋቸው ሰው በጡረታ ላይ ያሉ መሐንዲስ ናቸው፤ ስማቸውን አልጽፍም። በአስጎብኚያችን በኩል ተዋወቅን፤ አምስት ማማ ካላት የማርያም ቤተ ክርስቲያን በታች ባለች ቡና ቤት ተገናኘን። ቤተ ክርስቲያኗ የተሠራችው ከ800 ዓመት ገደማ በፊት በቀይ ጡብ ነው። የመካከሉ ማማ በ1827 ወድቆ በኋላ እንደገና ተገንብቷል፤ ሌሎቹ አራቱ እንደ ቆሙ ነው የቀሩት።

ውሉን እንዴት እንደተዋዋሉ፣ ማን እንዳቀደው፣ መንግሥት ምን እንዳዘዘ ልጠይቃቸው ማስታወሻ ይዤ ነበር። እሳቸው ቡናቸውን እያማሰሉ፣ «ያቀደው ሰው የለም» አሉኝ። እያንዳንዱ መስመር በሁለት ድርጅቶች መካከል የተደረገ ለብቻው የቆመ ውል ነው። ሁለቱንም ካልጠቀመ አይፈረምም። ተጠንቶ፣ ዋጋው አልወጣ ብሎ የተተወም ብዙ ነው። ሲምባዮሲስ የሚለው ስም፣ ማለትም ልዩ ልዩ ሕያዋን ተጋግዘው የሚኖሩበት ኑሮ፣ የመጣው ነገሩ ከተጀመረ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በ1980ዎቹ መጨረሻ ነው። ሥራው ስሙን ቀደመው።

ታዲያ ለምን እዚህ ሆነ? ብዬ ጠየቅሁ። ከተማዋ ትንሽ ናት አሉ። የፋብሪካዎቹ ሥራ አስኪያጆች በአንድ ክበብ ይገናኛሉ፤ ልጆቻቸው በአንድ ትምህርት ቤት ይማራሉ። አንዱ ስለ ጋዝ ሲያማርር ሌላው ይሰማል። እዚህ ዘወትር የሚሉት አባባል አለ፤ በአማርኛ ብመልሰው በሰዎች ልብ መካከል ያለው መንገድ አጭር ነው እንደ ማለት ነው። ቧንቧው በሜትር ስንት እንደሚሆን ሲያሰሉ የኖሩ ሰው ይህን ሲሉ ከልባቸው ነው።

ያን ጊዜ በልቤ የቆየውን ነገርኋቸው።

ከዓመታት በፊት ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ ባለ አንድ ፋብሪካ የኃይል አጠቃቀም ጥናት ሠርቼ ነበር። የምግብ ፋብሪካ ነው። ቀን ከሌት እንፋሎት ወደ ሰማይ ይለቃል፤ ጠዋት ጠዋት ከሩቅ ደመና ይመስላል። ከአጥሩ ማዶ የጨርቅ ማቅለሚያ ፋብሪካ አለ፤ ውሃ ለማሞቅ ከባድ ጥቁር ናፍጣ ያነዳል። በመካከላቸው ያለውን ለካሁት፣ 40 ሜትር ነው። ቧንቧውን፣ መለኪያውን፣ ሁሉን ደምሬ ወጪው በሁለት ዓመት እንደሚመለስ አሳየሁ። የመጀመሪያው ሥራ አስኪያጅ፣ «ኢንጂነር፣ በእንፋሎቱ ምን ያህል እንደማመርት ሊቆጥሩብኝ ነው» አለኝ። ሁለተኛውም፣ «አንድ ቀን ቢያቋርጡብኝ ጨርቄ ጋን ውስጥ ተበላሽቶ ይቀራል» አለ። ሁለቱም ለዓመታት አንድ አጥር ተጋርተው አንድ ቀን ቡና ተጠራርተው አያውቁም። ጥናቴ መሳቢያ ውስጥ ገባ። እኔም ወደ ሌላ ሥራ ሄድሁ።

ሽማግሌው ሳያቋርጡ ሰሙኝ። ከዚያ፣ «ሁለቱም ልክ ናቸው» አሉ። ሁለተኛው የፈራው እዚህም የተፈራ ነው፤ ለዚህ ነው ውሉ ላይ የማስታወቂያ ጊዜ የሚጻፈው፣ ለዚህም ነው ተጠባባቂ ማሞቂያ የማይነቀለው። የመጀመሪያው የፈራውን ግን ውል አይፈታውም አሉ። መለኪያው የሚቆጥረው ሙቀት ነው፣ የሚያምነው ወይም የማያምነው ሰው ነው። ደግሞ አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ፦ ጥናቱን ለሁለቱ አንድ ላይ አስቀምጬ አሳይቼ ነበር ወይስ ለየብቻ?

ለየብቻ ነበር። ወረቀቱን ለአንዱ ሰጥቼ፣ መልሱን ይዤ ወደ ሌላው ሄድሁ። ያገናኘኋቸው በቁጥር እንጂ በአካል አልነበረም።

ሲለያዩኝ እጄን ይዘው ቆዩ። ወደ ሆቴሌ በወደቡ በኩል ዞሬ ሄድሁ፤ ወደ ሳምሶ ደሴት የምትሄደው መርከብ መብራቷን አብርታ ትወጣ ነበር። ልጅ ሳለሁ ጠዋት ጠዋት እናቴ ገል አስይዛ ወደ ጎረቤት የምትልከኝ ትዝ አለኝ፤ «እሳት ልጫር» ብዬ ፍም ይዤ እመለሳለሁ። እሳት አልሰጥም ያለ ጎረቤት አላስታውስም። ይሁን እንጂ ገሉን ይዤ የምገባው በር ላይ ቆሜ ሰላም ብዬ፣ የቤቱን ሰው ደኅንነት ጠይቄ ነበር።

ዓርብ፣ ጥቅምት 15

ባቡሩ ጠዋት ነው። ከመስኮቱ ቧንቧው ለጥቂት ደቂቃ አብሮን ሄደና ከዛፎቹ ጀርባ ጠፋ።

ሆልቤክን ስናልፍ የምግብ ፋብሪካውን ሥራ አስኪያጅ ስልክ ፈልጌ ደወልሁ። ያነሣል ብዬ አልጠበቅሁም። ድምፄን ለየው። ያ ጥናት አሁንም እንዳለ ጠየቅሁት፤ አለ አለኝ። ከሰላምታ በኋላ ስለ ናፍጣ ዋጋ ትንሽ አማረረ፣ እኔም ያየሁትን በአጭሩ ነገርሁት። ስለ ቁጥሮቹ አልነገርሁትም። እኔ ስመጣ ሦስታችን፣ እሱ፣ የአጥሩ ማዶው ሰውዬና እኔ፣ ቡና እንጠጣ ነው ያልሁት፤ ስለ ቧንቧም ባናነሣ ግድ የለም።

ዝም አለ። ባቡሩ በሜዳው መካከል ይሮጣል፤ የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን ከጆሮዬ አንሥቼ አየሁት።

«ኢንጂነር» አለ በመጨረሻ፣ «የዚያኛው ሥራ አስኪያጅ ስም ማን ነበር?»

ነገርሁት። ስልኩንም ላክልኝ አለኝ። ቁጥሩን ፈልጌ ስልክለት ባቡሩ ሮስኪልዴ ገብቶ ቆመ።